ከመስመሩ በታች ያለው ሰው፦ ሀዋሳ ለኑሮ ትመቻለች?

«ሀዋሳ እኮ ለኑሮ ትመቻለች!» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሐይቅ አላት፣ መንገዷ ሰፊና ሜዳ ነው፣ ዛፍ አላት፣ ከአዲስ አበባ የምትርቀውም 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድን እዚያ አሳልፎ፣ አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ የተመለሰ ሁሉ ይህንን ፍርድ ይዞ ይመጣል። ፍርዱ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ቀን የሰነበተ እንግዳ ፍርድ ነው። ቤት ተከራይቶ፣ ሥራ ፈልጎ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ ለሚኖረው ሰውስ?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በእኛ ሙያ ክርክር ሲረዝም «ዳታው ምን ይላል?» ብሎ መገላገል የተለመደ ነው። ስለ ሀዋሳም ዳታ አለ፦ የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የሥራና የሥራ አጥነት ጥናት። የብዙዎቹን ሪፖርት ማንም ሰው በነፃ ማውረድ ይችላል። አውርዶ፣ ሠንጠረዥ ሠርቶ፣ ነጥብ ሰጥቶ ሀዋሳን ከአዳማ ወይም ከባሕር ዳር ጋር ማወዳደር የአንድ ቀን ሥራ ይመስላል።

ሠንጠረዡ ሲከፈት ግን አንድ ነገር ቶሎ ይታያል። የኑሮ ምቹነት መለኪያ የሚባለው ቁጥር ሁሉ፣ ጥቂት ሲቀር፣ ክፍልፋይ ነው። ከመስመሩ በላይ የውሃ ቧንቧ፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የመኖሪያ ክፍል ወይም ሥራ አለ። ከመስመሩ በታች ሰው አለ። ስለ ሀዋሳ ከመስመሩ በላይ ያለውን ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከታች ያለው ነው። የሀዋሳ ነዋሪ ማለት ማን ነው? ስንት ነው? ይህ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የከተማዋን የስድሳ ምናምን ዓመት ታሪክ ስታነቡ ግን ሰው ሲጣላበት የኖረው ጥያቄ ይኸው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ጣሊያን ያልሠራው ፒያሳ

ከፒያሳ እንጀምር። ሀዋሳን ለማያውቅ ሰው፣ ፒያሳ ማለት መሀል ከተማው ነው፦ ባንኩ፣ ካፌው፣ ጁስ ቤቱ፣ ሱቁ የተሰበሰበበት፣ ወደ ሐይቁም በእግር የሚኬድበት ሰፈር። ስለ ሀዋሳ ምቾት የሚወራው ወሬ አብዛኛው የዚህ ሰፈርና የሐይቁ ዳርቻ ወሬ ነው።

ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። አዲስ አበባም ፒያሳ አላት፣ ጎንደርም አላት፤ የእነሱን ስም ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ማስረዳት ይቻላል። የሀዋሳውን ግን እንደዚያ ማስረዳት አይቻልም። ጣሊያን ሲወጣ ሀዋሳ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ «ፒያሳ» የጣሊያን ቃል መሆኑ ቀርቶ የከተሜ አማርኛ ሆኗል። መሀል፣ ዘመናዊ፣ ሱቅ ያለበት ማለት ነው። አዲሷ ከተማ ቃሉን ይዛ ተነሳች።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። አዳሬ የሚባል የሲዳማ ሕዝብ መሬት ነበር፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ሰው የሚኖርበት። «ሀዋሳ» የሐይቁ ስም ሲሆን በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው። ከተማዋ በፕላን፣ በቀጥ ያሉ መንገዶች ተቀየሰች። ቦታ ከተመሩት የመጀመሪያ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙበታል። በኋላም የሲዳሞ ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ ሀዋሳ ዞረ።

አሁን ወደ ክፍልፋዩ ተመለሱ። የዚያን ዘመን ሀዋሳ «ለኑሮ ምቹ ናት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ኖሮ ከመስመሩ በታች የሚያስገባው ማንን ነበር? ቦታ የተመራውን፣ ደመወዝተኛውን፣ ነጋዴውን። አዳሬ ላይ ከብቱን ሲያሰማራ የነበረውና መሬቱ ለከተማ የተወሰደበት ገበሬ በዚያ ስሌት ውስጥ የለም። ከፕላኑ ውጭ ነው። ፕላን የሚሠራ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ ሰፊው መንገድና ጥላው እስከ ዛሬ ለሁላችንም ተርፏል። ግን ሀዋሳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚቆጠርና የማይቆጠር ሰው ነበራት።

በደርግ ዘመን የእርሻ ኮሌጁ ተከፈተ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም መጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሀዋሳ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆነች። የእርሻ ኮሌጁ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተቀላቅሎ በ1992 ዓ.ም. የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ዛሬ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ማለት ነው፣ ተማሪው ተጨመረ። ወታደር፣ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የክልል ቢሮ ባለሙያ፣ ተማሪ፦ ከተማዋ በየጊዜው አዲስ ዓይነት ነዋሪ እየተጨመረላት ያደገች ናት።

ሦስት ቆጠራ፣ አራት ቁጥር

ኢትዮጵያ እስካሁን ሦስት አገር አቀፍ ቆጠራ አድርጋለች። በ1976ቱ ቆጠራ ሀዋሳ ከ36 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነበራት። በ1987ቱ 69 ሺህ ደረሰች። በ1999ኙ ወደ 157 ሺህ ከፍ አለች። ስታሰሉት በየዓመቱ ከመቶ 6.5 ገደማ ማደግ ማለት ነው፤ በሁለቱም የቆጠራ መሀል ፍጥነቱ ተቀራራቢ ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ከተማ በየ11 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል።

ቁጥሩን ወደ ኑሮ ስንመልሰው እንዲህ ነው፦ አንድ ትምህርት ቤት ካለ በ11 ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ያስፈልጋል። አንድ የውሃ ጉድጓድ ካለ ሁለተኛ። አንድ ነርስ ካለች ሁለተኛ። ይህ ሁሉ ለመሻሻል አይደለም፣ ባሉበት ለመቆም ብቻ ነው። «ከተማው ብዙ ሠራ፣ ግን ኑሮው አልተለወጠም» የሚለው ቅሬታና «ይህን ያህል ገንብተናል» የሚለው የባለሥልጣን ንግግር ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት የሚሆኑት ለዚህ ነው። አንዱ ከመስመሩ በላይ ያለውን ያያል፤ ሌላው የክፍልፋዩን ውጤት ይኖረዋል።

አራተኛው ቁጥር የቱ ነው? እሱም የ1999ኙ ቆጠራ ነው። በዚያው ቆጠራ የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ሕዝብ 258,808 ተብሏል። ሁለቱም ቁጥር ስህተት የለበትም። 157 ሺህ ያህሉ በከተማው ውስጥ የሚኖር ነው፤ የቀረው 100 ሺህ ገደማ ሰው በአስተዳደሩ ወሰን ውስጥ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ነው። ሀዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞችና 32 ቀበሌዎች አሏት፤ የገጠር ቀበሌዎቹ ያሉት በሀዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ነው። የፒያሳ ካፌና የቱላ እንሰት በአንድ ከንቲባ ሥር ናቸው።

ይህ ለስሌት ምን ያደርጋል? ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በአስተዳደሩ ውስጥ አሥር ጤና ጣቢያ አለ እንበል። ለ157 ሺህ ሰው ካካፈላችሁት አንድ ጤና ጣቢያ ለ15,700 ሰው ይደርሳል። ለ258,808 ካካፈላችሁት ለ25,900 ገደማ። ሕንፃ አልፈረሰም፣ ነርስ አልተባረረም፤ ምቾቱ ግን በአንድ ጠቅታ ከሲሶ በላይ ወረደ። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የፈለገውን ታሪክ ለመንገር የሚያስፈልገው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። አንባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትኛው እንደተመረጠ አይነገረውም።

አሁን ደግሞ የባሰ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. መደረግ ነበረበት። ተላለፈ። በ2011 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እንደገና አስተላለፈው። ግጭትና መፈናቀል በበዛበት ጊዜ ሰው ከቤቱ ሳይኖር ቤት ለቤት መቁጠር ከባድ ነውና ምክንያቱ ይገባል። ውጤቱ ግን ስለ ሀዋሳ የምንጠቅሰው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ በመሠረቱ ከ1999 የተነሳ ግምት መሆኑ ነው። የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በ2005 ዓ.ም. እስከ ወረዳ የሚወርድ ትንበያ አውጥቶ ነበር። ትንበያ ያለፈውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ወደፊት ይዘረጋል። በ2008 ዓ.ም. ትልቅ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደሚከፈት፣ በ2012 ከተማዋ የሌላ ክልል መቀመጫ እንደምትሆን ሊያውቅ አይችልም።

እስቲ ራሳችን እንሞክረው። 157 ሺህን ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ በ4 ከመቶ ብናሳድገው በ2018 ወደ 330 ሺህ ይደርሳል። ከተማዋ በለመደችው በ6.5 ከመቶ ብናሳድገው ወደ 520 ሺህ። በሁለቱ ግምቶች መሀል ያለው ልዩነት ብቻ 190 ሺህ ሰው ነው። በ1999 ከተቆጠረው የከተማው ነዋሪ ጠቅላላ ይበልጣል ማለት ነው። «ሀዋሳ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ውሃ ታገኛለች» የሚል ቁጥር ስታዩ፣ በስሌቱ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ሙሉ ሀዋሳ ሊጠፋ እንደሚችል አስታውሱ።

ረድፍ የሌላት ከተማ

የቆጠራው ይቅር፤ ጥናቶቹስ? ጥሩ የሚባለው የጤና መረጃችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ነው፦ የሕፃናት መቀንጨር፣ ክትባት፣ ወሊድ፣ ውሃ፣ መጸዳጃ። የ2008 ዓ.ም.ን ሪፖርት ብትከፍቱ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ከታች አሥራ አንድ ረድፍ አለው፦ ዘጠኝ ክልሎችና ሁለት ከተማ አስተዳደሮች፣ ማለትም አዲስ አበባና ድሬዳዋ። ሀዋሳ የለችም።

በ1999ኙ ቆጠራ ሐረሪ ክልል 183 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበረው። ክልል ስለሆነ በየሠንጠረዡ የራሱ ረድፍ አለው። 258 ሺህ ሰው ያለበት የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ረድፍ አልነበረውም፤ 15 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለው የደቡብ ክልል አማካይ ውስጥ ሟሟ። የከተማው 157 ሺህ ሰው ከዚያ ክልል ሕዝብ ከመቶ አንዱ ቢሆን ነው። በከተማዋ ውስጥ ክትባት እጥፍ ቢሆን ወይም በግማሽ ቢወርድ የክልሉ ቁጥር ፈቀቅ አይልም። በ2012 ሲዳማ ክልል ሲሆን ነገሩ ትንሽ ተሻሻለ። ሲዳማ በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ ከዚያ ውስጥ የሀዋሳ ከተሜ ከመቶ አምስት ገደማ ነው። ከመቶ አንድ ወደ ከመቶ አምስት። አሁንም ግን ቡናና እንሰት የሚያለማ ሰፊ ገጠር ባለበት አማካይ ውስጥ ናት።

ይህ የማንም ስንፍና አይደለም። ናሙና ገንዘብ ይፈጃል፤ ጥናቱም የተነደፈው ክልሎችን ለማወዳደር ነው። የሥራ አጥነት ጥናቱ ትላልቅ ከተሞችን ለብቻቸው ያሳየባቸው ጊዜያት አሉ። ዋናው ነጥብ ሌላ ነው፦ ስታቲስቲክሳችን የሚቆረጠው በአስተዳደር ካርታ ነው። የካርታው መስመር የት እንደሚያልፍ ደግሞ የፖለቲካ ታሪክ ይወስነዋል። ድሬዳዋ ረድፍ ያገኘችው ትልቅ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ነው።

«ቧንቧ አለ?»

ቆጠራው የቤት ጥያቄም አለው፦ ጣሪያው ከምንድን ነው፣ ስንት ክፍል ነው፣ መብራት አለ ወይ፣ የሚጠጣው ውሃ ከየት ነው። ለውሃው መልሱ ምርጫ ነው፦ ቧንቧ በቤት ውስጥ፣ ቧንቧ በግቢ ውስጥ፣ የጋራ ቧንቧ፣ ጉድጓድ እያለ ይወርዳል። በዚህ መለኪያ የሀዋሳ መሀል ከተማ ደህና ነጥብ ያገኛል። ጥያቄው ግን ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አይጠይቅም። ጀሪካንና ሮቶ የሞላበት ግቢ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሠንጠረዡ አያውቀውም።

ስለ ውሃው ጥራትም አይጠይቅም። ሀዋሳ ያለችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆንና ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ጥርስ የሚነግረንን ነገር «የተጠበቀ ጉድጓድ» የሚል ምልክት አይነግረንም።

ሐይቁም ራሱ አለ፤ የከተማዋ ምቾት ግማሹ እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። ከተማው ያጠበው፣ ፋብሪካው የለቀቀው፣ ጎርፉ የጠረገው አፈር ገብቶ እዚያው ይቀራል። ዛሬ በሐይቁ ዳር የሚዝናናው ሰው ቁጥር በምቾት ዓምድ ውስጥ ይገባል። ወጪው የሚመዘገብበት ዓምድ ግን የለም፤ ከፋዩ ምናልባት ገና አልተወለደም።

ሥልሳ ሺህ ሥራ

ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የቻይናው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን በዘጠኝ ወር ገደማ የገነባው ነው። ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ ተገጠመለት፤ ለሐይቁ ሲባል። ዋናዋ ደንበኛ የአሜሪካዋ ፒቪኤች ነበረች። ዕቅዱ 60 ሺህ ሥራ ነበር። በ1999 157 ሺህ ሰው ለቆጠረች ከተማ 60 ሺህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የመጡት ባብዛኛው ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። በግንቦት 2011 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ጻፈ፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ያህል። ልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ካላቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ብሎታል። በዚህ ደመወዝ ሀዋሳ ላይ ለብቻ ክፍል መከራየት አይታሰብም። አራት ሆኖ፣ ከዚያም በላይ ሆኖ አንድ ክፍል መጋራት የተለመደ ሆነ።

የቤቱ ችግር በፓርኩ አልተጀመረም። በ1999ኙ ቆጠራ በከተማ አስተዳደሩ 61,279 ቤተሰብ ሲቆጠር የመኖሪያ ቤቱ 57,469 ነበር። ያኔውኑ ቤተሰቡ ከቤቱ በ3,810 ይበልጥ ነበር። ፓርኩ የመጣው ቀድሞ በጠበበ ቤት ላይ ነው።

አሁን ይህችን ልጅ በሠንጠረዡ ውስጥ እንፈልጋት። በሥራ ዓምድ ውስጥ ድል ናት፤ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍያ የሠራ ሰው እንኳ ሥራ አጥ አይባልም፣ እሷ ደግሞ ስድስት ቀን ትሠራለች። በቤት ዓምድ ውስጥ ግን ሌላ ናት፦ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አንድ ክፍል ውስጥ ከሦስት ሰው በላይ የሚኖርበትን ቤት ከተጨናነቁ የድሃ ሰፈር ቤቶች ይመድበዋል። በነዋሪ ዓምድ ውስጥ ደግሞ ልትኖርም ላትኖርም ትችላለች። መታወቂያዋ የትውልድ ቀበሌዋ ከሆነና አከራይዋ ካላስመዘገባት፣ የሀዋሳ ቀበሌ አያውቃትም። ከመስመሩ በላይ «ሥራ» ሆና ትገባለች፤ ከመስመሩ በታች «ሰው» ሆና መግባቷ ያጠራጥራል። እንዲህ ሲሆን የከተማዋ ነጥብ በእሷ ድካም ከፍ ይላል፤ ውሃውና ጤና ጣቢያው ሲታቀድ ግን እሷ የለችም።

ከዚያ ኅዳር 2014 ፒቪኤች እንደምትወጣ አስታወቀች። ከጥር 2022 መባቻ በእነሱ አቆጣጠር፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች። ምክንያቱ ሰሜን ላይ የሚካሄድ ጦርነት፣ ውሳኔው ዋሽንግተን፣ ሥራ ያጣችው ሀዋሳ። ወደ ቤተሰቧ ብትመለስ ከሀዋሳ የሥራ አጥ ቁጥርም ትጠፋለች። ሥራ ሲጠፋ የሥራ አጡ ቁጥር ላይነሳ የሚችልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ደህንነት ስንት ነጥብ ነው?

በዓለም ላይ ስለ ከተማ ምቾት ብዙ የሚጠቀሰው ዝርዝር የኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት ነው። 173 ከተሞችን በአምስት ዘርፍ ያወዳድራል፦ መረጋጋት 25 ከመቶ፣ ጤና 20፣ ባህልና አካባቢ 25፣ ትምህርት 10፣ መሠረተ ልማት 20። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ካላቸው ጥቅም አንዱ ኩባንያዎች ውጭ አገር ለሚልኳቸው ሠራተኞች የችግር አበል ለመወሰን መዋላቸው ነው። «ምቹ» የሚለው ቃል ውስጥ ቀድሞውኑ አንድ የተወሰነ ሰው ተቀምጧል፦ ጥሩ ደመወዝ ያለው፣ ካልተመቸው የሚሄድ እንግዳ።

ለሀዋሳ ያንን 25 ነጥብ እንዴት እንሰጣለን? ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማዋን ተጠሪነት ለመለወጥ የተያዘውን ሐሳብ በመቃወም ሎቄ ላይ ሰልፍ የወጡ የሲዳማ ተወላጆች በመንግሥት ኃይሎች ተገደሉ። በሰኔ 2010 ከተማዋ ውስጥ ብሔር ተኮር ግጭት ተነሳ፤ ሰው ሞተ፣ በተለይ የወላይታ ተወላጆች ቤታቸውን ጥለው ተፈናቀሉ። በሐምሌ 2011 የክልልነት ጥያቄው በዘገየ ጊዜ እንደገና ደም ፈሰሰ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 98.5 ከመቶ ክልል ይሁን አለ፤ ሰኔ 11 ቀን 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፤ ሀዋሳም መቀመጫው ሆነች።

ይህንን ወደ አንድ የመረጋጋት ነጥብ መጨፍለቅ አይቻልም። በ1994 ልጁን ላጣ የሲዳማ አባት 2012 የመረጋጋት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በ2010 ሱቁን ለተዘረፈ ሰው ያው ከተማ ሌላ ናት። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ጉዱማሌ በሰው ሲሞላ አንዱ ቤቴ ነው ይላል፤ ሌላው ምን ይሰማው ይሆን? አማካይ እዚህ አይሠራም።

ከተማዋ በየትኛው ክልል ሥር ትሁን የሚለው ክርክር ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ድምፁም በጥንቃቄ ተቆጥሮ ምላሽ አገኘ። ማን ይኖርባታል፣ ስንት ነው፣ በምን ሁኔታ የሚለው ግን ከ1999 ወዲህ አልተቆጠረም። ቆጠራ ደግሞ ገለልተኛ ነገር አይደለም፤ የምርጫ ክልልም የበጀት ድጎማ ቀመርም የሕዝብ ቁጥርን ይጠቀማሉ። ሰው መቁጠር ገንዘብና ድምፅ ማከፋፈል ነው፤ ለዚህም ነው የሚፈራው።

ታዲያ ትመቻለች?

ለአንዳንዱ አዎ፣ በጣም። ፒያሳ አካባቢ ለሚኖር፣ ቋሚ ገቢ ላለው፣ ሥራው ቢሮው ድረስ በብስክሌት አሥር ደቂቃ ለሆነ ሰው ሀዋሳ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ትሻላለች ብዬ አምናለሁ። ሜዳነቷና ጥላዋ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ነጥብ ባይሰጣቸውም በየቀኑ የሚኖሩ ምቾቶች ናቸው። ለቱላ ገበሬ ግን ጥያቄው «ከተማው መቼ መሬቴ ላይ ይደርሳል፣ ሲደርስ እኔን ምን ያደርገኛል?» ነው፤ አዳሬ ላይ የተነሳው ጥያቄ ማለት ነው። ለፓርኩ ሠራተኛ ጥያቄው ከኪራይና ከምግብ በኋላ ምን ይተርፋል ነው።

ስለዚህ «ሀዋሳ ከኢትዮጵያ ከተሞች በምቾት ይህን ያህልኛ ናት» የሚል ፖስት ሲያልፍ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፦ የተካፈለው ለስንት ሰው ነው፣ የገጠር ቀበሌዎቹስ አሉበት? ሁለተኛ፦ ቁጥሩ የሀዋሳ ነው ወይስ ሀዋሳ የሟሟችበት የክልል አማካይ? ሦስተኛ፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ «ቧንቧ አለ ወይ?» ወይስ «ዛሬ ውሃ መጥቷል ወይ?» ሦስቱን የሚመልስ ሪፖርት ካገኛችሁ እሱን እመኑት፤ ጥሩ ሪፖርቶች አሉና።

አራተኛው ቆጠራም አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ቆጣሪው የግቢውን በር ሲያንኳኳ የሚወጣው ብዙ ጊዜ አከራዩ ነው። «ስንት ሰው አለ?» ሲባል የራሱን ቤተሰብ ብቻ ቆጥሮ እንዳያበቃ፤ ከኋላ ባለችው ክፍል የሚኖሩትን አራቱንም ልጆች ይጥራቸው።